የካፒቴን ሂዩ ማልዛክ ዜና መዋዕል

ይህ የባሕረኛው የካፒቴን ሂዩ ናትናኤል ማልዛክ ታሪክ ነው። የነገሥታትና የጦር አበጋዞች ታሪክ በየዘመኑ ጸሐፊ አያጣም። በጦርነት ጊዜ ስንዴና ጥይት ጭኖ በባሕር የሚመላለሰው የንግድ መርከበኛ ግን ሥራው ከወደብ ወደብ ስለሆነ አንዱ አገር አይቶ ሌላው አያየውም፤ ታሪኩም ከእርሱ ጋር ይቀበራል። እኒህ ሰው ይህን ስላወቁ በስተርጅናቸው ታሪካቸውን አስጻፉ። እኛም የተረጋገጠውን ለይተን፣ ዘመኑን በአውሮጳ አቆጣጠር እየቈጠርን፣ ዋና ዋናዎቹን ቀኖች በአገራችን አቆጣጠር ጭምር እያመለከትን እንዲህ ጽፈነዋል።

ምዕራፍ 1፤ ስለ ልደታቸውና ባሕር ስለ መግባታቸው

ካፒቴን ማልዛክ ማርች 26 ቀን 1886፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1878 ዓ.ም. በዕለተ ዓርብ ተወለዱ። የትውልድ ስፍራቸው በካሪቢያን ባሕር ከሚገኙት የግሬናዲን ደሴቶች አንዷ፣ ዩኒየን የምትባለው ትንሽ ደሴት ናት። በዚያን ዘመን ደሴቶቹ በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ግዛት ሥር ነበሩ። አባታቸው ሪቻርድ ማልዛክ እርሻ የነበራቸው፣ የሸራ መርከብም የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅ እንጨቱ ሲጠረብ፣ ቀዳዳው በዝፍት ሲደፈን፣ ሸራው ሲሰፋ እያየ ያድጋል። ስለዚህ ማልዛክ ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ በእንግሊዝ የሸራ መርከቦች ተቀጥረው ወደ ባሕር ወጡ።

የሸራ መርከብ ሥራ ለጎበዝ የሚሆን ሥራ ነው። ሌሊትና ቀን በየአራት ሰዓቱ ተረኛ ይቀያየራል። ማዕበል ሲነሣ ምሰሶው ጫፍ ድረስ ወጥቶ እርጥቡን ሸራ በጣት እየቧጠጡ መጠቅለል ግድ ነው፤ እጁ የከዳው ሰው ወይ ከወለሉ ላይ ወይ ከባሕሩ ውስጥ ይወድቃል። ማልዛክ ባሕሩን የተማሩት እንዲህ ከታች ጀምረው ነው።

ምዕራፍ 2፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስለ ደረሰባቸውና ስለ ትምህርታቸው

ወጣቱ ባሕረኛ የሚሠሩባት መርከብ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ከምትገኘው ከዊልሚንግተን ወደብ ደረሰች። የመርከቢቱ አዛዥ ኖርዌያዊ ነበረና ማልዛክን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ብሎ ይዟቸው ወጣ። ማልዛክም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደጉ ስለ ነበሩ ደስ ብሏቸው ተከተሉ። ከደጃፉ ሲደርሱ ግን በር ላይ የቆመው ሰው ጥቁር ሰው እዚህ አይጸልይም ብሎ መለሳቸው።

የዚህም ምክንያቱ ይታወቅ። በዚያች ከተማ ከጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ በኖቬምበር 1898፣ ነጮች መሣሪያ አንሥተው ጥቁሮችና ነጮች በአንድነት የተመረጡበትን የከተማ አስተዳደር በኃይል ገልብጠው፣ ብዙ ጥቁሮችን ገድለው፣ የቀሩትን አሳድደው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየስፍራው የጥቁርና የነጭ መግቢያ ተለየ። ማልዛክ በደሴታቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበርና ያች ዕለት በልባቸው ተቀረጸች፤ በመጽሐፋቸውም ተርከዋታል።

ከዚህም በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሻግረው በደቡብ ዌልስ በስዋንሲ ከተማ በሚገኘው የባሕር ትምህርት ቤት ገቡ። ስዋንሲ ከሰል የሚጫንባት፣ መዳብ የሚቀልጥባት ታላቅ ወደብ ነበረች። በትምህርት ቤቱም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይን ሴክስታንት በሚባለው መሣሪያ ለክቶ መርከብ ያለችበትን ስፍራ ማወቅን፣ ከዋክብትን መለየትን፣ የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትን የሚጎድልበትን ሰዓት ማስላትን፣ ጭነት ሳያዘነብል ማመቻቸትን ተማሩ። ፈተናውንም አልፈው የመርከብ ምክትል መኮንንነት ወረቀት ተቀበሉ።

ምዕራፍ 3፤ አሜሪካ ስለ መግባታቸውና ሹመት ስለ መከልከላቸው

በ1911 ማልዛክ አሜሪካ ገቡ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ታላቁ የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጀርመኖች በሰርጓጅ መርከብ የንግድ መርከቦችን ማስጠም ስለ ጀመሩ መኮንን የሆነ ባሕረኛ ተፈላጊ ሆነ፤ ማልዛክም በእንግሊዝና በአሜሪካ መርከቦች በመኮንንነት አገለገሉ። በ1918 የአሜሪካ ዜግነት ተቀበሉ፤ መንግሥት በኒውዮርክ ባቋቋመው የባሕረኞች ማሠልጠኛም ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ። የመጨረሻውን ፈተና አልፈው ማናቸውንም መርከብ በማናቸውም ውቅያኖስ ላይ ለማዘዝ የሚያበቃውን የካፒቴንነት ፈቃድ በእጃቸው አስገቡ።

ጦርነቱ አልቆ ሰላም ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። የመርከብ ባለቤቶች ወረቀቱን አይተው ያደንቁና ፊታቸውን አይተው ቦታ የለም ይሉ ነበር። ነጭ ባሕረኞች በጥቁር አዛዥ ሥር አይሠሩም የሚል ምክንያት ያቀርቡም ነበር። እውቀቱ ተፈትኖ የተመሰከረለት ሰው ሥራ ፍለጋ ከወደብ ወደብ ተንከራተተ።

ምዕራፍ 4፤ ስለ ጥቁር ኮከብ መርከቦች

በዚያም ዘመን ማርከስ ጋርቬይ የሚባለው የጃማይካ ሰው በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር ተነሥቶ የተበተነውን የጥቁር ዘር ሁሉ አንድ አደርጋለሁ ብሎ ይሰብክ ነበር። ስለ አገራችንም ብዙ ይናገር ነበርና እርሱ ያቋቋመው ማኅበር በ1920 በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ መዝሙር አጸደቀ። ጋርቬይ በ1919 ብላክ ስታር ላይን፣ ማለት የጥቁር ኮከብ መርከቦች የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ አክሲዮኑን እያንዳንዱን በ5 ዶላር ሸጠ። ልብስ አጣቢዎች፣ የቤት ሠራተኞች፣ የሸንኮራ እርሻ ወዛደሮች ካላቸው ላይ እየቀነሱ ገዙ።

ማልዛክ ይህን ሰምተው ወደዚያው ሄዱና ያርማውዝ በምትባለው በኩባንያው የመጀመሪያ መርከብ ላይ በመኮንንነት ተሾሙ። መርከቢቱ በ1887 የተሠራች አሮጌ ነበረች፤ የእንፋሎት ጋኗ የተጎዳ፣ ጎኗም ውኃ የሚያስገባ ነበረ። በጃንዋሪ 1920 መጠጥ የሚከለክለው ሕግ በሚጸናበት ሰሞን ውስኪ ጭና ወደ ኩባ በጥድፊያ ተነሣች፤ ብዙ ሳትሄድም አዘነበለችና ከጭነቷ ከፊሉ ወደ ባሕር ተጣለ። እንዲህ ያለ መከራ ቢገጥማትም በኋላ በሃቫና፣ በጃማይካ፣ በፓናማ ወደቦች ስትደርስ የተደረገላት አቀባበል ከዚያ በፊት ለንግድ መርከብ የተደረገ አይመስልም። በጥቁሮች የተያዘችን መርከብ ለማየት ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ወደ ወደብ ወረደ፤ አበባና ፍሬ ይዞም ወጣ። ማልዛክ ከመርከቡ ወለል ላይ ቆመው ይህን ሁሉ አይተዋል።

ሕዝቡ የሰጠውን እምነት ያህል ግን የኩባንያው አስተዳደር አልበረታም። ከጃማይካ የተጫነው ኮኮናት በጊዜው ሊራገፍ ሲገባ መርከቢቱ ለስብከት በየከተማው እንድትቆም ታዘዘችና ጭነቱ በሰበሰ። ዕዳው በዝቶ በ1922 ኩባንያው ሥራውን አቆመ። ጋርቬይም በፖስታ አጭበርብሯል ተብሎ በ1923 ተፈረደበት፤ በኋላም ታስሮ በ1927 ከአሜሪካ ተባረረ። ማልዛክ ከዚህ ሁሉ በፊት ለቅቀው ነበር። በ1923 ያዩትን በጋዜጣ ላይ ጻፉ።

ምዕራፍ 5፤ በማድ ቤት ስለ ኖሩባቸው ዓመታት

ከዚህም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ዘመን አለፈ። ማልዛክ ለጥቁር ወጣቶች የባሕር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ተማሪዎቹ ፈተና ቢያልፉ እንኳ የሚቀጥራቸው አላገኙምና አልዘለቀም። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩና በመርከብ ላይ ለጥቁር የተፈቀደውን ሥራ፣ ማለት ማብሰልና ማስተናገድን፣ ያዙ። ካርታ ማንበብና መርከብ ማሽከርከር የሚያውቁት ሰው ከታች ከማድ ቤቱ ሙቀት ውስጥ ድስት እየማሰሉ፣ ከላይ ከእሳቸው ያነሰ የሚያውቅ ሰው መሪውን ይዞ ይሄድ ነበር። ፈቃዳቸውን ግን አላስቃጠሉም፤ ጊዜው ሲደርስ እያደሱ ጠበቁት።

በእነዚያም ዓመታት የባሕረኛ ኑሮ ለነጩም ቢሆን ክፉ ነበረ። ደመወዙ ትንሽ፣ መኝታው ጠባብ፣ ምግቡ የማይበላ ነበረ። ስለዚህ ባሕረኞቹ ሥራ አቁመው በ1937 የብሔራዊ ባሕረኞች ማኅበርን አቋቋሙ። በዘር መለያየትን በሕገ ደንቡ የከለከለ ማኅበር ነበረ፤ ከመሪዎቹም አንዱ ፈርዲናንድ ስሚዝ የሚባል ጥቁር የጃማይካ ሰው ነበረ። ማልዛክ ከመጀመሪያው ጀምሮ አባል ሆኑ። ጥቁሩና ነጩ ባሕረኛ ተለያይተው እስከ ቆሙ ድረስ ባለ መርከቡ ሁለቱንም በርካሽ እንደሚገዛቸው በዚያ ትግል ውስጥ ተረዱ።

ምዕራፍ 6፤ ስለ ሹመታቸውና ሹመቱን በቃል ኪዳን ስለ መቀበላቸው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ የጥቁር ሠራተኞች መሪ የነበረው ፊሊፕ ራንዶልፍ ሕዝቡን ይዤ ዋሽንግተን እገባለሁ ብሎ ስላስጠነቀቀ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጁን 25 ቀን 1941 በጦር ኢንዱስትሪ ሥራ በዘር መለየትን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። በ1942 መጀመሪያም የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እስከ አሜሪካ ዳርቻና እስከ ካሪቢያን ድረስ መጥተው መርከብ በመርከብ ላይ አሰጠሙ፤ አዛዥም መርከብም አነሰ። ያን ጊዜ ሰው ተፈለገና ማልዛክ ታሰቡ።

መንግሥት ከሚያሠራቸው ሊበርቲ ከሚባሉት መርከቦች አንዷን ከባርነት ተወልዶ ታላቅ መምህር በሆነው በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስም ሰይሞ፣ ማልዛክን አዛዥ ሆነው እንዲይዟት ጠየቃቸው፤ ነገር ግን ባሕረኞቿ ሁሉ ጥቁሮች ብቻ ይሁኑ አለ። ማልዛክ በዚያን ጊዜ የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ሹመት በፊታቸው ተዘርግቶ ነበረ፤ ይህ ቢያልፍ ሌላ እንደማይመጣም ያውቁ ነበር። ቢሆንም ሰው በቀለሙ የሚለይባትን መርከብ አላዝም፣ ባሕረኛው በችሎታው ይመረጥ ብለው መለሱ። ማኅበሩና የጥቁር ሕዝብ ድርጅቶችም ከጎናቸው ቆሙ። በመጨረሻ መንግሥቱ ቃላቸውን ተቀበለ።

እኒህ ሰው በታሪክ ሊታሰቡ የሚገባቸው ከሁሉ ይልቅ በዚህ መልሳቸው ነው። የተበደለ ሰው ካሣ ሲቀርብለት እንዲሁ መቀበል ይቀናዋል። እሳቸው ግን ለራሳቸው የመጣው ክብር ሌላውን የሚያገል ከሆነ የዊልሚንግተኑን ደጃፍ በገዛ እጃቸው በባሕር ላይ እንደ መትከል አድርገው ቆጠሩት።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1942፣ በእኛ መስከረም 19 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በወርኃዊው የገብርኤል ዕለት፣ ማክሰኞ፣ መርከቢቱ ወደ ውኃ ወረደች። የወረደችበትም ወደብ በካሊፎርኒያ የሚገኝ ስሙም ዊልሚንግተን የሚባል ነው። መርከብ ስትወርድ የሚሰበረውን ጠርሙስ በአፍንጫዋ ላይ የሰበረችው ዘማሪዋ ማሪያን አንደርሰን ናት፤ በ1939 ጥቁር ናት ተብላ አዳራሽ ተከልክላ በሊንከን መታሰቢያ ፊት 75,000 ለሚሆን ሕዝብ የዘመረችው እርሷ ነበረች።

ምዕራፍ 7፤ በጦርነቱ ስለ ተመላለሱባቸው ጉዞዎች

የሊበርቲ መርከቦች ነገር እንዲህ ነው። ርዝመታቸው 134 ሜትር ያህል፣ ጭነታቸው ከ9,000 ቶን በላይ፣ ፍጥነታቸው ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። ቁራጭ ቁራጩ በየፋብሪካው ተሠርቶ በብየዳ ይገጣጠም ነበርና በጦርነቱ ዘመን 2,710 ተሠሩ። ዝግተኛ ስለሆኑ ከሰርጓጅ መርከብ መሸሽ አይችሉም፤ ስለዚህ በአጀብ ተሰልፈው በጦር መርከብ እየተጠበቁ ይጓዙ ነበር።

አጀቡም ሲመሽ መብራቱን ሁሉ ያጠፋል። መስኮቱ ይጋረዳል፤ በወለሉ ላይ ሲጋራ መለኮስ እንኳ የተከለከለ ነው። በጨለማው ውስጥ አዛዡ የፊተኛዋን መርከብ ጥላ እየተከተለ፣ የኋለኛዋ እንዳትገጨው እየጠበቀ፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ በጥሩንባ ድምፅ ብቻ እየተመራ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። በታች የሞተሩ ሠራተኞች ቶርፔዶ ቢመታ መጀመሪያ ውኃ የሚገባው በእነሱ በኩል እንደሆነ እያወቁ ያነድዳሉ። ጥይት የጫነች መርከብ ከተመታች የሚተርፍ የለም፤ ነዳጅ ከጫነችም ባሕሩ ራሱ ይነድዳል። የንግድ መርከበኛ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የወታደር ልብስም የወታደር ማዕረግም አልነበረውም።

በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ላይ ከ18 አገር የተሰባሰቡ ባሕረኞች አብረው ተኙ፣ አብረው በሉ፣ አብረው ተረኛ ሆኑ። ነጭ በጥቁር ሥር አይታዘዝም ያሉት ሁሉ አፈሩ። ማልዛክም መርከቢቱን ትምህርት ቤት አደረጓት። ከተረኝነት የወጣው ባሕረኛ ካርታና ስሌት፣ የሞተርና የመሪ ሥራ ይማር ነበር፤ ብዙዎችም ፈተና እያለፉ ወደ ከፍተኛ ማዕረግ ወጡ። በኪንግስ ፖይንት ካለው የንግድ መርከበኞች አካዳሚ የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ የሆነው ጆሴፍ ዊሊያምስም በዕጩነቱ ጊዜ በእሷ ላይ ሠርቷል። ዓመታት ሙሉ ማድ ቤት ውስጥ የተቀበረው እውቀት በብዙ ሰዎች ላይ ፈሰሰ።

በአምስት ዓመት ውስጥ መርከቢቱ 22 ጊዜ ደርሳ ተመለሰች፤ ከጭነቱም ሌላ 18,000 ወታደር ወደ አውሮጳና ወደ ፓስፊክ አደረሰች። ዝናዋም በሥነ ጽሑፍ ገባ። ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ በወጣትነቱ ባሕረኛ ነበርና ለካፒቴን ማልዛክ ግጥም ጻፈ። በመርከቢቱ ላይ የሠራው ነጩ ጸሐፊ ጆን ቢቸርም በ1945 ስለ እርሷ መጽሐፍ አወጣ።

ምዕራፍ 8፤ ስለ መሻራቸው

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 መርከቢቱ ለመንግሥት ተመለሰችና ሥራ ፈታ ቆመች። ማልዛክም እንደ ገና ከወደብ ቀሩ፤ በጦርነት የታመኑት ሰው በሰላም መርከብ አጡ። በ1948 በመርከብ አስተዳዳሪዎቹ ላይ ክስ መሠረቱ፤ አልተሳካላቸውም። በ1950 በኒውዮርክ ለኩዊንስ ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንትነት በአሜሪካ ሠራተኞች ፓርቲ ስም ተወዳድረው ከ15,000 በላይ ድምፅ አገኙ፤ ለመመረጥ ግን አልበቃም።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ኮሙኒስት ነህ እየተባለ ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበት ዘመን ነበረ። ለሠራተኛና ለጥቁር መብት የተናገረ ሁሉ ስሙ በመዝገብ ይገባ ነበር፤ የማልዛክም ስም ገባና የባሕረኛነት ወረቀታቸው ታገደ። አገራቸውን ያገለገሉበትን ሥራ ለአገራቸው አስጊ ነህ ተብለው ተነጠቁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በእሳቸው አልሠራም። ሲሾሙ የሰበሰቡት ሀብት አልነበረም፤ ሲሻሩም ያ አልቆጫቸውም። የቆጫቸው ያስተማሯቸው ባሕረኞች መበተናቸው ነበረ።

ሥራ ቢፈቱም እጃቸውን አላጠፉም። ሥዕል ራሳቸውን አስተምረው በ1958 በኒውዮርክ 32 የዘይት ቀለም ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ፍርድ ቤትም መመላለሳቸውን አላቋረጡም። በ1960 የፌዴራል ዳኛ ወረቀታቸው እንዲመለስላቸው ፈረደ፤ እሳቸውም በ74 ዓመታቸው የሌሊት ተረኛ መኮንን ሆነው ወደ መርከብ ተመለሱ።

ምዕራፍ 9፤ ስለ መጽሐፋቸውና ስለ ዕረፍታቸው

በ1963፣ በ77 ዓመታቸው፣ ታሪካቸው ተጽፎ ታተመ። የመጽሐፉም ስም ሲተረጎም መርከብ የምትመራበት ኮከብ ማለት ነው። እሳቸው እየተናገሩ ሉዊስ በርንሃምና ኖርቫል ዌልች ጻፉት። በእሱም ውስጥ የደሴታቸውን ልጅነት፣ የሸራውን ዘመን፣ የያርማውዝን ደስታና ውርደት፣ የማድ ቤቱን ዓመታት፣ የጦርነቱን ጉዞ ሁሉ አኖሩ። የሠሩበትን የጋርቬይን ኩባንያ እንኳ ጥፋቱን ሳይደብቁ፣ የሕዝቡንም ተስፋ ሳያቃልሉ ተናገሩ። የጥቁር ኮከብን መርከቦች ታሪክ ከሚጽፉት ብዙዎች የእሳቸውን ምስክርነት ይጠቅሳሉ።

ካፒቴን ማልዛክ ጃንዋሪ 30 ቀን 1971፣ በእኛ ጥር 22 ቀን 1963 ዓ.ም. በዑራኤል ዕለት፣ ቅዳሜ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በኢስት ሜዶ አረፉ። ዕድሜያቸውም 84 ነበረ። ልጃቸው ዩና ማልዛክ በ1967 በሃርለም የመጻሕፍት ቤት ከፍታ የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍትን ለአርባ ዓመት ያህል ስትሸጥ ኖረች፤ አባት በብዕር የጀመሩትን ልጅ በዚህ ቀጠለችው።

የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ጦርነት ያገለገሉትን የንግድ መርከበኞች እንደ አርበኛ የቆጠራቸው በ1988 ነው። ያን ጊዜ ማልዛክ ከሞቱ 17 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከጓደኞቻቸውም ብዙዎቹ ይህን ክብር ሳያዩ ሞተዋል። ፍትሕ ሲዘገይ የሚጎዳው የቀረው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሞተውም ዋጋውን ሳይቀበል ይሄዳል። ስለዚህ ሹመት የቀረበለት ሁሉ ይህን ታሪክ ይመልከት፤ ወንበሩ ሌላውን በማግለል የሚሰጥ ከሆነ እንደ ካፒቴን ማልዛክ በቃል ኪዳን ይቀበል፣ ቃሉ ካልተጠበቀለትም ይተወው። በሕይወት ያሉ አዛውንት ባሕረኞችና ሠራተኞችም ያዩትን ይናገሩ፤ የሚሰማም ይጻፍላቸው።

ተፈጸመ።